የአራት ትምህርት ምስክር

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወሉ ተደወለ። ሉባባ ይመር ሦስት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስም ተጠራ፤ የተጠራው አንድ ስም ነው። «አቤት» አለች። በሩ ተዘጋና የሥነ ልቦና ትምህርት ተጀመረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቀኗ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ጠዋት ሥነ ልቦና፣ ረፋዱ ላይ ቋንቋ፣ ከምሳ በኋላ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኅብረተሰብ። ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች ናቸው። ይዘታቸው በየዓመቱ ስለሚታደስ በየዓመቱ እንደ አዲስ ትማራቸዋለች። ተመርቃ አታውቅም፤ ትመረቃለች ብሎ የሚጠብቅም የለም።

ምዕራፎቹን ሰው መጻፍ ካቆመ ቆይቷል፤ የሚጽፋቸው ማሽን ነው። ታዲያ አንድ አዋጅ አለ፤ ሰው ያልገባው ዕውቀት በሰው ላይ አይሠራበትም ይላል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አንድ ዜጋ ከዳር እስከ ዳር ተምሮት «ገብቶኛል» ብሎ መፈረም አለበት። አዋጁ እንደወጣ ሰሞን ለአንድ ኮርስ ሠላሳ ሰው ይጠየቅ ነበር። ኋላ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ኋላ ሦስት። ሉባባ ከደሴ መናኸሪያ የትኬት መስኮት በዕጣ ተመርጣ ስትመጣ አንድ ሆኖ ደረሰችበት። የሥራ መደቧ «ምስክር ተማሪ» ይባላል።

ኮሌጁ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፤ መብራቱ ሁሉ በርቶ ይውላል። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አርባ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ምሳዋ ይቀርባል። ከጥበቃው ሌላ በግቢው ያለው ሰው ሬጅስትራሩ አቶ ዳምጠው ክንፈ ብቻ ናቸው። ዘወትር ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓቱ ትምህርት ማብቂያ የፊርማ ወረቀታቸውን ታቅፈው ይመጣሉ። ወረቀቱ የእውነት ወረቀት ነው፤ አዋጁ እንደዚያ ይላል።

መምህሩ ድምፅ ነው። አይሰለችም፣ አይቆጣም። የሉባባ ግንባር ትንሽ ቋጠር ሲል ምሳሌ ይለውጣል፤ ፈታ ሲል ይቀጥላል። «አልገባኝም» ማለት ይፈቀዳል። አንድ ምስክር ስለ አንድ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ «አልገባኝም» ካለ ምዕራፉ ይታገዳል። ሉባባ በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብላዋለች፤ ስለ ኩላሊት ሲያስተምራት። ያን ዕለት አፍራ ነበር የዋለችው።

በመጋቢት ሁለተኛው ሳምንት አራቱም ኮርሶች አሥራ አራተኛ ምዕራፋቸው ላይ ደረሱ።

የሥነ ልቦናው ምዕራፍ ስለ ሽማግሌዎች ነበር። ዕድሜው የገፋ ሰው ከኖረበት ሲነሳ መጀመሪያ ይከፋዋል፤ በስምንት ወር ውስጥ ግን እንቅልፉም የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል፣ ብዙዎቹም ኋላ ሲጠየቁ ደግ ሆነ ይላሉ። የተፈጥሮ ሳይንሱ ስለ ተራራ ምንጮች ነበር። ምንጮቹ በየዓመቱ ስንት እንደሚጎድሉ በሥዕል አሳያት፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሥዕሉ ላይ ውሃ የለም። የኅብረተሰቡ ደግሞ ውሃ ሳይደርቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ላይ የሰፈረ መንደር፣ ደርቆበት ከተበተነው እንደሚሻል በአራት አገር ታሪክ አስረዳ። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ሉባባ ሦስቱም ገቧት።

ቋንቋው ረቡዕ ረፋድ መጣ።

መምህሩ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ ሽማግሌዎች ጥያቄ ሲቀርብላቸው የሚሰጧቸውን መልሶች አንድ በአንድ ዘረዘረላት። «ይሁን»፣ «እንግዲህ»፣ «እናንተ ካላችሁ»፣ «አላህ ያውቃል»፣ «እግዜር ያመጣውን»። እንዲህ ያሉ መልሶች በአማካይ በስምንት ወር ውስጥ ወደ ፈቃድ ስለሚለወጡ፣ ከተነገሩበት ሰዓት ጀምሮ እንደ ፈቃድ ሊያዙ ይገባል አለ። ከዚያ ምሳሌ አሰማት። የተናጋሪዎቹ ድምፅ እንዳይታወቅ ተለውጧል።

ሦስተኛው ምሳሌ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሰው በትሕትና ወደ ኮምቦልቻ አዲስ ሰፈር ይዛወሩ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም። «እንግዲህ... እናንተ ካላችሁ ምን ይደረጋል። አላህ ያውቃል። ግቡ እስቲ፣ ውሃ ጠጡ።»

ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ጉሮሮ አጠራረጉ ግን የአባቷ ነበር። ሉባባ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያንን ጉሮሮ ከሕፃንነቷ ጀምራ ከግድግዳ ማዶ ሰምታዋለች። ቁርጥማት እንደያዘው ሰው ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣበቀች።

ያኔ አራቱ ምዕራፎች አንድ ላይ ገጠሙላት። ምንጩ ይደርቃል፤ አብሮ የተነሳ ይሻላል፤ ሽማግሌ ይለምዳል፤ «እንግዲህ» ያለ ደግሞ ፈቅዷል። እያንዳንዱን ለየብቻ የሚማር ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱም ባላስደነገጠው። አራቱንም የምትማረው እሷ ብቻ ናት።

መምህሩ የእጇን አኳኋን ሳያይ አልቀረም። «የሚያስቸግር ነገር አለ፣ ወይዘሮ ሉባባ?» አላት።

«እምቢ ያለ ሰውስ፣ መምህር?» አለች። ድምፅም ቢሆን አስተማሪ ነውና አንቱ ነበር የምትለው።

በግልጽ እምቢ ያለ ሰው መልሱ እንደሚከበር፣ ቤቱም እንደማይነካ ነገራት። ምዕራፉ የሚመለከተው ግልጽ ያልሆኑትን መልሶች ብቻ ነው። ከተጠየቁት አራት ሺህ ሽማግሌዎች መካከል በግልጽ እምቢ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አራቱ እዚያው ግቡና ውሃ ጠጡ ስላሉ መልሳቸው የለዘበ ተብሎ ግልጽ ካልሆኑት ጋር ተቆጥሯል።

የዕለቱ ትምህርት ሲያበቃ ሉባባ አቶ ዳምጠውን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። ስልሳውን የተሻገሩ፣ ጡረታቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ከጀመረችበት እስከ ጨረሰችበት ሰሟት። ፊርማው ገብቶኛል እንጂ ተስማምቻለሁ እንደማይል አስታወሷት። ደግሞም መምህሩ ፊት እንደሚያነብ፣ የገባው ሰው አልገባኝም ቢል እንደሚታወቅና በሐሰተኛ ምስክርነት እንደሚጠየቅ ነገሯት።

«ነገሩማ ገብቶኛል» አለች ሉባባ። «ክፋቱም እሱ ነው።»

አቶ ዳምጠው የወረቀቱን ጥግ በጥፍራቸው ሲያጥፉ፣ ሲዘረጉ ቆዩ። ከዚያ የጥቂት ቀን ፈቃድ ሰጧት። ምዕራፉ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ጊዜ እንዳለው፣ እስከዚያ ሄዳ አባቷን ብታያቸው ምንም ክልከላ እንደሌለ ነገሯት። 

የአባቷ መንደር ቆቅ ውሃ ከደሴ በመኪና ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ሽቅብ ነው። ሃያ ሦስት ቤት፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ምንጭ። ሉባባ ቅዳሜ ረፋድ ስትደርስ አባቷ አቶ ይመር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የድንች ዘር ይለቅማሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እሷን ሲያዩ ተነሡ፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ጠያቂ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መጥቶ ነበር አሉ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አቀበቱ አድክሞታል፣ ውሃ ሰጠነው። ምን ብለው መለሱለት አለች። እምቢ አልኩት አሉ፤ ምንም ሳያመነቱ።

«እምቢ ብለው ነው ያሉት፣ አባባ? ቃሉን?»

አባቷ ተገርመው አዩዋት። «ሰው ከሩቅ አገር ደክሞ መጥቶ እንዴት እምቢ ይባላል? እናንተ ካላችሁ አልኩት። ሰው የሆነ ሰው ይገባዋል።»

ሉባባ የድንቹን ዘር አብራቸው ትለቅም ጀመር። ምንጩ እየጎደለ እንደሆነ ያውቁ እንደሆን ጠየቀቻቸው። ያውቃሉ። ድሮ እንስራ ከሚሞላበት ጊዜ አሁን እጥፍ እንደሚፈጅ ነገሯት። እስከሚደርቅ እዚሁ ሆነው ሊያዩት እንደሚፈልጉም ነገሯት፤ ይህንንም ያሉት ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ አድርገው፣ «አንዳንድ ሰው» እያሉ ነው።

ያን ጊዜ የእናቷ ቀብር ትዝ አላት። እናቷ ደሴ ሆስፒታል ያረፈች ዕለት፣ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር። ሉባባ ለአባቷ ደውላ እዚሁ ደሴ ብንቀብራትስ ብላ ጠይቃቸዋለች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «እናንተ ካላችሁ ይሁን» አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቷ ፈቅደው ነበር ብላ ኖራለች።

«አባባ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እማን ደሴ በመቅበራችን ቅር ብሎዎት ነበር?»

አባቷ አንድ ዘር አንስተው አገላብጠው አዩት። «መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ። «ቅርብ ብትሆን ኖሮ ጁምዓ ጁምዓ እየሄድኩ ዱዓ አደርግላት ነበር።» ዘሩን ከጥሩዎቹ ጋር አስቀመጡት። «አብሽሪ፤ ያለፈ ነገር ነው።»

ሉባባ ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ነገር መልሳ ስታስበው ዋለች፤ በሬውን ሲሸጡ ያሉትን፣ እሷ ስታገባ ያሉትን፣ ጣራው ቆርቆሮ ይሁን ስትላቸው ያሉትን። ሁሉም ላይ «ይሁን» ብለዋል። የትኛው እውነተኛ ይሁን እንደነበረ አንዱንም አታውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መምህሩ የቋንቋውን ምዕራፍ ከለሰና ገብቷት እንደሆነ ጠየቀ።

«አልገባኝም» አለች።

በሌላ ምሳሌ አስረዳት። አንድ ሻጭና አንድ ገዢ አመጣ፤ ገዢው «እንግዲህ» ካለ በኋላ ዕቃውን ይዞ እንደሚሄድ አሳያት።

«አልገባኝም» አለች።

ሦስተኛው ምሳሌ ሻጭና ገዢ አልነበረበትም። አንድ የስልክ ንግግር አሰማት። የሴቲቱ ድምፅ የራሷ ነበር፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የነበረው። «እዚሁ ብንቀብራትስ፣ አባባ?» የሚለውን ሰማች። ጉሮሮው ሁለት ጊዜ ተጠረገ። «እናንተ ካላችሁ ይሁን።»

«ያን ዕለት መልሱ ገብቶዎት ነበር» አላት መምህሩ። «እንደ ፈቃድ ወስደው ሠርተውበታል። ምዕራፉ የሚለው ከዚህ የተለየ አይደለም።»

ሉባባ ይህን ንግግር ከየት እንዳገኘው ልትጠይቅ ፈለገችና ተወችው፤ መልሱ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ተቀድቶ የማይቀመጥ የስልክ ንግግር የለም። በአዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ባዶ ወንበር ወደ ፊት እያየ ተደርድሯል።

«ያን ዕለት የገባኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «አልገባኝም ነበር። ዛሬም አልገባኝም። የወለዱኝ ሰው እንኳ ‹ይሁን› ሲሉ፣ የእውነቱን ከይሉኝታው መለየት አልችልም።»

መምህሩ ግንባሯን፣ እጇን፣ ትንፋሿን ይመረምር ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያህል ጊዜ ወስዶ አያውቅም።

«እውነትዎን ነው» አለ በመጨረሻ። በሩ ከሰዓቱ ቀድሞ ተከፈተ።

ከዘጠኝ ሰዓቱ ትምህርት በኋላ አቶ ዳምጠው የመጡት ሦስት ወረቀት ብቻ ይዘው ነው። እነዚያን ፈረመች። አራተኛው ታግዷል። ግን እገዳው አርባ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምዕራፉ ወደ ሌላ ኮሌጅ ምስክር እንደሚላክ አስረዷት። እዚያ ቋንቋን ብቻ የሚማር ሰው አለ፤ ፈጣን ነው፣ አንድም ጊዜ አልገባኝም ብሎ አያውቅም። ጠያቂዎቹም በአርባ ቀኑ ውስጥ ግልጽ ያልሆኑ መልሶች ያሉባቸውን መንደሮች አንድ ጊዜ ደግመው ይዞራሉ፤ ሕጉ ያዛል።

«አርባ ቀን ለአንድ ኮርስ ትንሽ አይደለም» አሉ አቶ ዳምጠው፣ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ። «ክረምት ላይ በአርባ ቀን ስንቱን አስተምረን እናስፈትን ነበር፤ ተማሪ የነበረን ጊዜ።» ያልወሰደችው የስድስት ዓመት ዕረፍት እንዳላትም ጣል አደረጉላት።

ሉባባ ዕረፍቷን ወስዳ ወደ ቆቅ ውሃ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን መስጊዱ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። መልቀቅ የፈለገ «እሺ» ይበል፤ መልቀቅ ያልፈለገ «እምቢ» ይበል። ሌላ ቃል አይጨመር። ጠያቂው ደረቱ ላይ ያደረገው መዝጋቢ ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ «ግቡ»ም፣ «ውሃ ጠጡ»ም፣ «አትቀየሙን»ም አይባልም። ሲጠየቁ እሷ መሃላቸው ገብታ መናገር አትችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም።

ሳቁባት። እምቢ ለከብት እንኳ አይባልም አሉ። እመት ዘሐራ የሚባሉ፣ ከአባቷ ቤት በላይ የሚኖሩ አሮጊት ተነሥተው ሞከሩ። «እምቢ» አሉ፤ ቀጥለውም «ካላስቸገርኳችሁ» አሉ። ሜዳው በሳቅ ሞላ። ሉባባም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀባት።

ሁለተኛው ጁምዓ ላይ ሳቁ ቀነሰ። ሉባባ ጠያቂ እየሆነች በየደጁ ትቆማለች፣ እነሱ ይመልሳሉ። አንዳንዱ ቃሉን ይልና ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። አንዱ ሽማግሌ «እምቢ» ብለው ሲያበቁ ተከትለዋት መጥተው ይቅርታ ጠየቋት፤ እንደገና ጀመሩ። ስምንት ቤቶች ደግሞ መክረው እንለቃለን አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይቀርባቸዋል። ሉባባ እነሱንም «እሺ» ብቻ ማለት አስተማረቻቸው። ያ ቀላል ነበር።

ሦስተኛው ጁምዓ ላይ ማንም አልሳቀም። አባቷ ቃሉን ያለ ጉሮሮ መጥረግ ማለት ቻሉ። ሉባባ ጎበዝ አለቻቸው፤ እሳቸው ግን አላመሰገኗትም።

ጠያቂው የመጣው በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ያው ጨዋ የተባለው ወጣት ነበር። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሩ አቧራ ለብሷል። መዝጋቢው ደረቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ሉባባ አጥሩ ጥግ ቆመች። 

ሰላምታ ተሰጣጡ። ወጣቱ ጥያቄውን ጠየቀ።

አባቷ በሁለት እጃቸው ምርኩዛቸውን ያዙ። «እምቢ» አሉ።

ወጣቱ እንደ ደንቡ ደግሞ ጠየቀ። ድምፁ ደርቆ ጥያቄው መሃል ላይ ተሰነጠቀበት፤ ይቅርታ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረው።

«እምቢ።»

 ወጣቱ መዝጋቢው እስኪጨርስ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከአባቷ በስተኋላ፣ ከደጁ ወዲያ፣ የውሃው እንስራ ይታያል። ወጣቱም አየው፤ አየና ዓይኑን መለሰ። የአባቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።  ከንፈራቸው እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘጉት። 

«እሺ አባባ» አለ ወጣቱ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ከግቢው ወጣ።

ሉባባ ወደ አባቷ ሄደች። እጃቸውን ልትይዝ ብላ ነበር፤ አልሰጧትም። ወጣቱ ወደ ላይኛው ቤት ሲወጣ በዓይናቸው እየተከተሉት ነበር።

«ቤትዎን አተረፉት» አለቻቸው።

«ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሬ» አሉ አባቷ፣ «ዛሬ እንግዳ ከደጄ ውሃ ሳይቀምስ ሄደ።» ዞር ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ከላይ የእመት ዘሐራ ድምፅ ተሰማ። ቃሉን ብቻ ነበር ያሉት፤ ሁለት ጊዜ፣ ምንም ሳይጨምሩ። ከዚያ ደጃቸው ሲዘጋ ሉባባ ሰማች። በቆቅ ውሃ በጠራራ ፀሐይ ደጅ ሲዘጋ ሰምታ አታውቅም። ይህን አላስተማረቻቸውም፤ ዝም ብሎ መቆም ሲከብዳቸው ራሳቸው ያገኙት ዘዴ ነው። ትንሽ ቆይቶ የቀጣዩ ቤት ደጅ ተዘጋ፤ ከዚያም የሚቀጥለው።